ትንፋሹን ፈልጉ፦ በሃዋይ የመርከብ ሽርሽር ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት

እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ እስከ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ድረስ ባሕር አላየችም። ሲያትል ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ «እማዬ፣ ምን ላሳይሽ?» ብላት ሳታመነታ «ዮናስን የዋጠውን ዓሣ አንበሪ» አለችኝ። ሕንፃ ወይም ሱቅ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ብዙ ካጠያየቅሁ በኋላ በየካቲት ወር ይዣት ወደ ሃዋይ ሄድኩ፤ በደሴቶቹ መካከል ሰባት ቀን በሚዞር መርከብ።

ከዚያ ወዲህ ወላጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ የሚያስቡ ወዳጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ለሁሉም አስቀድሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ መርከብ ማደሪያችሁ ነው እንጂ ዓሣ ነባሪ ማያችሁ አይደለም። ዓሣ ነባሪ በደንብ የሚታየው ከትንሽ ጀልባ ላይ፣ ከቀትር በፊት፣ በማዊ ደሴት አጠገብ ነው። የቀረውን ጉዞ በዚያች ማለዳ ዙሪያ አስቡት።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ሃዋይ የሚመጣው ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ነው፤ የደሴቶቹ ሰዎች በቋንቋቸው ኮሆላ ይሉታል። ሞቃቱን ወራት አላስካ አካባቢ ሲበላ ይከርምና፣ ብርዱ ሲመጣ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ዋኝቶ ለመራባትና ለመውለድ ወደ ሃዋይ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ በኖቬምበር ብቅ ይላሉ፣ የመጨረሻዎቹ እስከ ሜይ ይቆያሉ። ባሕሩን የሚሞሉት ግን ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ነው። ምርጫ ካላችሁ ፌብሯሪን ያዙ። ትኬት ረከሰ ብሎ ጁላይ ላይ የሚሄድ ሰው ማስታወቂያው ላይ ፎቶውን ቢያይም ባሕሩ ላይ ሃምፕባክ አያገኝም።

በእኛ አቆጣጠር ይህ ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት መሆኑ ነው። ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ በጥር 17 እና በየካቲት 21 መካከል ስለሚጀምር፣ የዮናስ ነገር በቤተ ክርስቲያን በሚነሣበት ሰሞን ዓሣ ነባሪዎቹ ሃዋይ ላይ ናቸው። እናቴን ከሁሉ ይበልጥ የገረማት ደግሞ ሌላ ነው፦ ሃምፕባኮቹ ሃዋይ በሚቆዩበት ጊዜ አይበሉም ማለት ይቻላል። አላስካ ላይ ባጠራቀሙት ስብ ይኖራሉ፤ እናቲቱ በዚያው ላይ ግልገሏን ታጠባለች። «እነሱም ጾመኞች ናቸው በለኛ!» አለችኝ።

2. መርከቡን ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀታችሁን እዩ

ወደ ሃዋይ ደሴቶች በመርከብ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሆኖሉሉ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ከዚያ በደሴቶቹ መካከል ብቻ በሚዞረው መርከብ መሳፈር ነው። ይህን ጉዞ ዓመቱን ሙሉ የሚያደርገው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የተባለው የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን መርከብ ነው፤ የአሜሪካ ባንዲራ ስለሚያውለበልብ ከአሜሪካ ውኃ ሳይወጣ ከሆኖሉሉ ተነሥቶ ሆኖሉሉ ይመለሳል። ሁለተኛው ከሎስ አንጀለስ ወይም ከሳን ዲዬጎ ተነሥተው ባሕሩን አቋርጠው የሚሄዱት ናቸው። እነዚህ የውጭ አገር ባንዲራ ያላቸው ስለሆኑ፣ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በመንገዳቸው አንድ የውጭ አገር ወደብ እንዲነኩ ያስገድዳቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚነኩት የሜክሲኮዋን ኤንሴናዳ ነው፤ የሚቆሙትም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ለእኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤንሴናዳ ለሁለት ሰዓት ብትቆሙም ከአሜሪካ ወጥታችኋል፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው፣ ወይም የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዛ የመጣች እናት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ እንዲህ ያለው መርከብ ላይ መውጣት የለባቸውም። ትኬት ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ሥራውም አይደለም። ስለዚህ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ሆኖሉሉ ላይ የሚሳፈሩበትን ነው። ለእሱም ቢሆን ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ አይለያችሁ። ከሜይ 2025 ወዲህ ለአገር ውስጥ በረራ ሪል አይዲ የተባለው ባለ ኮከብ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ስለሚጠየቅ፣ የመንጃ ፈቃዳችሁ ጥግ ላይ ኮከቧ መኖሯን አሁኑኑ እዩ።

ሆኖሉሉ ከመርከቡ መነሻ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ግቡ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

3. ለካቢን ብዙ አታውጡ

በረንዳ ያለው ካቢን ደስ ይላል፤ ለዓሣ ነባሪ ብላችሁ ግን አትግዙት። ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ከደሴት ወደ ደሴት የሚሄደው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ቅዳሜ ማታ ከሆኖሉሉ ይነሣል፤ እሑድና ሰኞ ማዊ ላይ፣ ካሁሉይ ወደብ ይውላል፤ ማክሰኞ ሂሎ ወደብ፣ ረቡዕ ኮና፣ ሐሙስና ዓርብ ካዋይ ደሴት ነው። ቀን ለቀን ረዘም ያለ ጉዞ የሚያደርገው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ከላይኛው ወለል የሚታየው ከበረንዳ ከሚታየው ይበልጣል። መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን ይዛችሁ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለጀልባው አድርጉት።

4. ጀልባውን ማዊ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን ያዙ

ማዊ፣ ላናይ፣ ሞሎካይና ካሆኦላዌ የተባሉት አራት ደሴቶች በመካከላቸው የከበቡት ባሕር ጥልቀቱ መጠነኛ ነው፤ ደሴቶቹም ነፋሱን ይከልሉለታል። እናት ሃምፕባክ ግልገሏን ይዛ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ስፍራ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 የሃምፕባክ መጠበቂያ ብሎ ከከለለው ባሕር ውስጥ ዋነኛው ክፍል ይኸው ነው። ሂሎም ኮናም ካዋይም ዓሣ ነባሪ አለ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍላችሁ የምትወጡ ከሆነ ማዊ ላይ ውጡ።

አብዛኞቹ ጀልባዎች የሚነሡት ከማአላኤአ ወደብ ነው፤ መርከቡ ከሚቆምበት ከካሁሉይ በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ቀድሞ ላሃይና የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ዋነኛ መነሻ ነበረች፤ ኦገስት 8 ቀን 2023 በተነሣው እሳት ወደመች፣ ከመቶ ሰው በላይ ሞተባት። የድሮ መመሪያ ላይ ላሃይና ብታዩ ይህን አስቡ፤ የተቃጠለውን ሰፈር ለማየት ብላችሁም አትሂዱ፤ ሐዘንተኛ ያለበት ቦታ ነው።

መርከቡ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካኑ 8 ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ጀልባ፣ 4 ሰዓት አካባቢ የሚነሣውን ያዙ። እሑድን የምለው በሦስት ምክንያት ነው። አየሩ ተበላሽቶ ጉዞው ቢሰረዝ ሰኞ አለላችሁ። ብዙ ድርጅቶች ዓሣ ነባሪ ካልታየ ሌላ ቀን በነፃ እናወጣችኋለን ይላሉ፤ ሁለተኛ ቀን ለሌለው መንገደኛ ይህ ቃል ዋጋ የለውም፣ ለእናንተ ግን ሰኞ ማለዳ አለ። ሦስተኛው ደግሞ መርከቡ እሑድ እዚያው ስለሚያድር ብትዘገዩም ጥሏችሁ አይሄድም፤ ስለዚህ መርከቡ ላይ የሚሸጠውን ውድ ጉብኝት ትታችሁ በቀጥታ ከጀልባ ድርጅት ብትገዙ የሚያሰጋ ነገር የለም። ባሕር ቶሎ የሚያማቸው አዛውንት ካሉ ግን ሰኞ ማለዳ 1 ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 7 ላይ የሚነሣውን አስቀድሙላቸው፤ ከሁሉ የረጋው ውኃ ያኔ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት ሰዓቱ ላይ ነው። እናቴ ትረፍ ብዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ገዛሁ። ማአላኤአ ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሚበረታበት ወደብ መሆኑን አላወቅሁም። ትኬቱን ስገዛ ማንም አላስጠነቀቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከወደቡ እንደወጣን ባሕሩ በነጭ አረፋ ተሞላ፤ ትንፋሽ ይሁን የማዕበል ጫፍ መለየት አልተቻለም፤ እናቴም የጀልባውን ብረት ይዛ ዓይኗን ጨፍና ዋለች። ማታ መርከቡ ላይ «ነገ እንሞክር» ያለችው ራሷ ናት። ሰኞ ማለዳ ባሕሩ እንደ ሐይቅ ረግቶ ጠበቀን።

የጀልባውን ዓይነትም አስቡበት። መቶና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዘው ባለ ሁለት ፎቅ ካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ) መጸዳጃና ጥላ አለው፤ ለወላጆችና ለልጆች እሱ ይሻላል። በአየር የሚነፋው ትንሽ ጀልባ ደግሞ ውኃው አፍ ላይ ያስቀምጣችኋል፣ ዓሣ ነባሪው ሲወጣ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት። ነገር ግን ይዘላል፣ ያርሳል፣ ጀርባ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርም አይወስዱበትም። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጀልባው ላይ ስለ እንስሳቱ የሚያስረዳ ባለሙያ አለ ወይ? ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ አላችሁ ወይ? ሁለተኛው ካለ ሌላ ድርጅት አትፈልጉ።

5. የምትይዙት

የባሕር ሕመም መድኃኒት ከሁሉ ይቀድማል። ድራማሚን ወይም ሜክሊዚን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል፤ ከመነሣታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ዋጡት፣ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዳም። የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ዝንጅብልም ያግዛል። በባዶ ሆድ ባሕር ላይ መውጣት ሕመሙን ያባብሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ካሉ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸውና ለዚያ ቀን ምን እንደሚደረግ ተነጋገሩ።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ ጉዞው ሁዳዴ ላይ ከዋለ መርከቡ እንደተሳፈራችሁ የምግብ ቤቱን ኃላፊ አግኝታችሁ «ቪገን» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የለም ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩለት። ከማግሥቱ ጀምሮ ለብቻ ያዘጋጁላችኋል። ሽሮ መሥራት አይቻልም፤ ካቢን ውስጥ እሳትም ሆነ የውኃ ማፍያ ክልክል ነው። የታሸገ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ሃዋይ ስትገቡ በምትሞሉት የእርሻ ቅጽ ላይ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ጻፉ።

ሰንስክሪን ስትገዙ ዚንክ ወይም ቲታኒየም ያለበትን ምረጡ፤ ሃዋይ ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚጎዱትን ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸውን ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች፣ ማዊ ደግሞ ከዚያም የጠበቀ ደንብ አላት። ነፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። የእናቴ ነጠላ በነፋሱ ሊሄድ ሲል አንዲት አስተናጋጅ ናት ዘላ የያዘችልን፤ ከዚያ በኋላ ወገቧ ላይ አሰርነው። ባይኖኩላር ሰባት ወይም ስምንት እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ጀልባ ላይ ይንቀጠቀጣል።

6. ጀልባው ላይ፦ ዓሣ ነባሪ ሳይሆን ትንፋሽ ፈልጉ

ብዙ ሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ ትልቅ ጥቁር ነገር ይፈልጋል። ከሩቅ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይታይም። የሚታየው ትንፋሹ ነው። ሃምፕባክ ሲወጣ ከአናቱ የሚተነፍሰው ሦስት ከዚያም በላይ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሩቅ ስታዩት እንደ ጎጆ ቤት ጭስ ቡን ብሎ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ይበተናል። ስለዚህ ዓይናችሁን ውኃው ላይ አትትከሉ፤ ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። አንድ ጊዜ ካያችሁ እዚያው ጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ደጋግሞ ይተነፍስና ነው ጠልቆ የሚሄደው።

ከጥልቁ ሊገባ ሲል ጀርባውን እንደ ጉብታ ያጎብጣል፤ ሃምፕባክ የተባለውም በዚህ ነው። ቀጥሎ ጅራቱ ከነሙሉ ስፋቱ ይነሣል። የጅራቱን የታችኛውን ገጽ እዩት፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፣ አንዱ የሌላውን አይመስልም። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን እንስሳ እንደ ጣት አሻራ የሚለዩት በዚህ ነው። ጅራት ካነሣ ትልቁ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ግልገል ግን በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃው ለመተንፈስ መውጣት አለበት። እናትና ግልገል ካገኛችሁ ካፒቴኑ የሚጠብቅላችሁ ለዚህ ነው፤ ትንሹ ደጋግሞ ይወጣል።

የገባበትን ቦታ ለማወቅ ዱካውን ፈልጉ። ጅራቱ የገፋው ውኃ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ለስላሳ ክብ ይሠራል፤ በዙሪያው ሞገድ እያለ እሱ ብቻ ዝም ይላል። ይህን ማየት ከቻላችሁ ከጀልባው ሰው ግማሹ የማያየውን እያያችሁ ነው።

ካፒቴኑ በማይክሮፎን «ቱ ኦክሎክ» ወይም «ናይን ኦክሎክ» ይላል። የጀልባው አፍንጫ 12 ነው፤ ቀኙ 3፣ ኋላው 6፣ ግራው 9። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር እዚህ አታስገቡ፤ የሚቆጠረው ቁጥሩ በሰዓቱ ፊት ላይ ያለበት ቦታ ነው። ለእናቴ ይህን ባሕር ላይ ሆኜ ከማስረዳት ቁርስ ላይ በሳህኗ ባሳያት ይሻል ነበር።

የምትቆሙበት ቦታ፦ የሚያማችሁ ከሆነ ታችኛው ወለል፣ መሐል ወይም ወደ ኋላ፤ ዓይናችሁም ከአድማሱ አይነሣ። ካላመማችሁ ላይኛው ፎቅ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲሮጥ አትሩጡ፤ ካፒቴኑ ጀልባውን ያዞራል፣ ተራችሁ ይደርሳል።

ሰኞ ማለዳ የሆነውን ልንገራችሁ። ከወደቡ ከወጣን ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖናል። ካፒቴኑ አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር አይቶ ከሩቅ ቆመ፤ እኛ ቆመን ሳለ ግን እነሱ ወደ እኛ መጡ። ደንቡ ጀልባ እንዳይጠጋቸው እንጂ እነሱ እንዳይጠጉ አይከለክልም፤ እንዲህ ሲሆን ካፒቴኑ ያሉበትን እስኪለቁ ድረስ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ሞተሩ ዝም ሲል የባሕሩ ጸጥታ መጣ። ከዚያ አጠገባችን ፏ አለ፤ የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ሲለቀቅ የሚሰማውን ድምፅ አስቡት፣ ከዚያ ግን የጠለቀና እርጥብ። ትንፋሹ እንደ ጉም መጥቶ ፊታችን ላይ አረፈ። ግልገሉ ሲወለድ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል ይላሉ፤ እናቱ ግን የከተማ አውቶቡስ ታህላለች፣ ከሥሩ ሆና ነጩ የጎን ክንፏ በውኃው ውስጥ አረንጓዴ መስሎ ያበራ ነበር። ግልገሉ እናቱ ጀርባ ላይ እየተንከባለለ ይወጣል፣ ይገባል። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ታዝለዋለች እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ዓሣ ነባሪዋ እንዳትሰማት ይመስል።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ከዚያ መቅረጽ ከፈለጋችሁ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ቅረጹ፣ ዙም አታድርጉ፤ ከቪዲዮው ላይ ፎቶ ማውጣት ይቻላል። ከውኃ ወጥቶ የሚዘለውን በፎቶ ለመያዝ መሞከር ድካም ነው፣ ካሜራው ሲነሣ እሱ ተመልሷል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የዘለለ ብዙ ጊዜ ይደግማል፤ የዘለለበት አቅጣጫ ላይ አነጣጥራችሁ ቆዩ።

ሃይድሮፎን ካለ ካፒቴኑ ሲያወርደው ማንም እንዳይናገር ለምኑ። የሚዘምሩት ወንዶቹ ናቸው። በአንድ ዘመን በአካባቢው ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ዜማ ይዘምራሉ፤ ዜማው ከዓመት ዓመት ቀስ በቀስ ይለወጣል፣ ሁሉም አብረው ይለውጡታል። ረጅም ማቃሰት፣ ከዚያ እንደ በር ሲጥ ማለት፣ ከዚያ ከሥር የሚመጣ ጉርምርምታ አለው፤ እየተመላለሰም ለሰዓታት ይቀጥላል።

7. ደንቡ

ከሃምፕባክ 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር መራቅ የሕግ ግዴታ ነው። ለጀልባም፣ ለካያክም፣ ለዋናተኛም ይሠራል። ድሮን ከ1,000 ጫማ በታች ማብረር አይቻልም። ስፒነር የተባሉትን ዶልፊኖች በሚመለከት ደግሞ ከ2021 ጀምሮ 45 ሜትር ውስጥ መግባትና አብሮ መዋኘት ተከልክሏል፤ «ከዶልፊን ጋር እናዋኛችኋለን» የሚል ካገኛችሁ እለፉት። እነዚህ እንስሳት በአደን ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። በሰሜን ፓሲፊክ ሃምፕባክን ለንግድ ማደን የታገደው በ1966 ነው፤ ወደ ሃዋይ የሚመጡት ከአሜሪካ የመጥፋት አደጋ መዝገብ የወጡት በ2016 ነው። ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል። ደንቡን የሚጥስ ካፒቴን ካያችሁ ጉርሻ አትስጡት፤ ጠብቆ የሚያቆመውን ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ስጡት።

8. በቀሩት ወደቦች

ገንዘብ ካለቀ ወይም ጀልባው ከሞላ፣ ከማአላኤአ ወደ ላሃይና በሚወስደው መንገድ ላይ ፓፓዋይ ፖይንት የሚባል ማቆሚያ አለ። በነፃ ነው፤ ከገደሉ ላይ ቁልቁል ባሕሩን ታያላችሁ፣ በወቅቱ ትንፋሽ የማይታይበት ሰዓት ጥቂት ነው። ሆኖሉሉ አንድ ቀን ቀድመው ለገቡም የማካፑኡ መብራት ቤት የእግር መንገድ እንዲሁ ነው፤ አስፋልት ነው፣ አቀበቱ ግን ጥላ ስለሌለው በማለዳ።

ማዊ ላይ እሑድ ማታ ሃሌአካላ ተራራ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እዩ። ለፀሐይ መውጫ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግድ ነው፣ ለመጥለቂያዋ አያስፈልግም፤ መርከቡም እዚያው ያድራል። ቁመቱ 3,055 ሜትር ስለሆነ ከደብረ ብርሃንም ይበልጣል፤ ጋቢ ያዙ።

ሂሎ ዝናብ አይለያትም። ከወደቡ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ርቆ የኪላዌአ እሳተ ገሞራ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ እሳቱ በዚያ ቀን መታየት አለመታየቱን በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ ጠዋት አረጋግጡ።

ኮና ላይ መርከቡ ከወደብ አይጠጋም፤ መልሕቁን ጥሎ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዳችሁ፣ መሰላሉ ላይ አዛውንት ደግፉ። ለእኛ ሰው ግን ኮና የቡና አገር ናት። ከኢትዮጵያ የወጣው አረቢካ ዓለምን ዞሮ በ1828 ኮና ተተክሏል፤ ከባሕሩ በላይ ሆሉአሎአ አካባቢ ያሉት የቡና እርሻዎች ጎብኚ ይቀበላሉ። ፌብሯሪና ማርች ላይ ቡናው ሲያብብ የአገሩ ሰው የኮና በረዶ ይለዋል። ሽታውን ጅማ ወይም ሲዳማ ያደገ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። መኪና የተከራየ ደግሞ ወደ ሰሜን ወጥቶ ፑኡኮሆላ የተባለውን፣ ንጉሥ ካሜሃሜሃ በ1790 እና በ1791 ያሠራውን የድንጋይ መቅደስ ማየት ይችላል። ስሙ የዓሣ ነባሪው ኮረብታ ማለት ነው።

ካዋይ ላይ ሐሙስን ለዋይሜአ ገደል ስጡት። 16 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ አፈሩ ቀይ ነው። እናቴ ከአጥሩ ጫፍ ቆማ ቁልቁል እያየች «የጀማ ሸለቆ ነው እኮ» አለች።

9. ዓርብ ከሰዓት

መርከቡ ዓርብ 8 ሰዓት፣ በአሜሪካኑ 2 ላይ ከካዋይ ተነሥቶ የና ፓሊን ዳርቻ ይዞ ይሄዳል። መኪና የማይገባበት፣ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የሚነሣ አረንጓዴ ገደል ነው፤ 27 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው አንዳንድ ቦታ 1,200 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ላይ እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ ገደሉ በየትኛው ጎን አስቀድሞ እንደሚታይ ጠይቁና በዚያ በኩል ላይኛው ወለል ላይ ቦታ ያዙ። ሰዉ ሁሉ ወደ ገደሉ ሲዞር ግን እናንተ አልፎ አልፎ ወደ ባሕሩ በኩልም ተሻገሩ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ትንፋሹ ከኋላው በርቶ ወርቅ መስሎ ይታያል፣ በዓይንም ከሩቅ ይለያል። እኔና እናቴ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ቆጠርን። ካገኘናቸው ውስጥ ሰባቱን ያየቻቸው እሷ ናት።